ይሉኝታ ሐያእ አይደለም



ሰው ለሌላው ሲል ራሱን እስከ ምን ድረስ ሊያደክም ይገባዋል? «አልችልም» ማለትስ መቼ ነው ወንጀል የሚሆነው? እነዚህ ጥያቄዎች ከሩቅ ሲያዩዋቸው ቀላል ይመስላሉ። ነገር ግን በየቤታችን ስንት እናትና ስንት እህት «አልችልም» ለማለት አፍራ ጤናዋን እንዳጣች ያስተዋለ ሰው ቀላል ናቸው አይልም። ይህች ጽሑፍ የምትተቸው አንድ ልማዳችንን ነው፤ ይኸውም ይሉኝታን ነው።

ቃሉን እስቲ ቆም ብላችሁ ተመልከቱት። «ይሉኝታ» የመጣው «ይሉኛል» ከሚለው ነው። «እንዲህ ይሉኛል፣ እንዲያ ይሉኛል» የሚል የልብ ስጋት ማለት ነው። ተናጋሪዎቹ «እነርሱ» ናቸው፤ የሚነገርበት «እኔ» ነኝ። ከእነዚህ ሌላ በመካከል ማንም የለም። ነገሩ እውነት ነው ወይስ ሐሰት፣ ሐላል ነው ወይስ ሐራም፣ የሚቻል ነው ወይስ የማይቻል የሚል ሚዛን በቃሉ ውስጥ አይገኝም።

ይሉኝታ ፈጽሞ ጥቅም የለውም አንልም። ሽማግሌ ቆሞ ሳለ ከመቀመጥ፣ ጎረቤት ሐዘን ላይ ሳለ ከመጨፈር ብዙውን ሰው ያቀበው ይሉኝታ ነው። ችግሩ የሚመጣው ይህ የሰው ፍርሃት የዲን ልብስ ለብሶ «ሐያእ» ተብሎ ሲጠራ ነው። ሐያእ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ሐያእ ያለው ሰው ብቻውን ሳለም ያፍራል፤ የሚያፍረው ከጌታው ነውና። ይሉኝታ የያዘው ግን የሚያፍረው ሰው ሲያየው ነው። ሐያእ ከመጥፎ ነገር ይከለክላል። ይሉኝታ እውነቱን ከመናገርም ይከለክላል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የአንሷር ሴቶችን ሲያመሰግኑ ሐያእ ዲናቸውን ጠይቀው ከማወቅ እንዳላገዳቸው መመስከራቸው ይህንኑ ልዩነት ያሳየናል።

«እርሷ ታውቅበታለች»

በየሰፈራችን የምናውቃት አንዲት እህት አለች። ስሟ ይለያይ እንጂ ኑሮዋ አንድ ነው። ከሱብሒ በፊት ትነሳለች። አልጋ ላይ የዋሉ እናቷን ታገላብጣለች፣ ታጥባቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣቸዋለች። ልጆቿን ለትምህርት ቤት ታዘጋጃለች። ጎረቤት ለቅሶ ሲሆን እንጀራ መጋገሩ የእርሷ ነው። ሠርግ ሲመጣ ወጥ መሥራቱ የእርሷ ነው። ከገጠር ዘመድ ታሞ ሲመጣም የሚያርፈው እርሷ ዘንድ ነው። ወንድሞችና እህቶች አሏት። ይሁንና ሥራ በመጣ ቁጥር «እርሷ ታውቅበታለች» ይባላል። ሲሰሙት ምስጋና ይመስላል፤ በተግባር ግን ሌላው ሁሉ ሸክሙን የሚያወርድበት ቃል ነው።

እርሷም እሺ ትላለች። ወገቧን እያመማት እሺ ትላለች። ሐኪም ዘንድ ልትሄድበት የያዘችውን ቀን ሦስት ጊዜ አስተላልፋ እሺ ትላለች። ቀስ በቀስ በልጆቿ ላይ መጮህ ትጀምራለች። በሶላቷ ውስጥ ኹሹዕ እያጣች ትሄዳለች። እናቷን ስታገላብጥ እጇ ይከብዳል፣ ፊቷም ይጠቁራል። ማታ ደግሞ «ምን ዓይነት ክፉ ሴት ሆንኩ!» ብላ ታለቅሳለች። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ያለ መጠን የሰጠችው እርሷ ናት፣ ጥፋተኛ ነኝ ብላ የምታለቅሰውም እርሷ ናት። ሸክሙን ጥለውባት የሄዱት ግን በሰላም ተኝተዋል።

ይህን ዓይነቱን መሟጠጥ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ሲያጠኑት ቆይተዋል። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ጉዳዩ የታወቀ ጽሑፍ አሳትሟል። ሰውየው ቀን በራሱ ሥራ ላይ ውሎ ማታ ማታ በኒውዮርክ ከተማ ችግረኞች በነፃ በሚታከሙበት ክሊኒክ ያገለግል ነበር። በዚያ በበጎ ፈቃድ የሚሠሩት ሰዎች፣ እርሱም ጭምር፣ ከጊዜ በኋላ ውስጣቸው ተቃጥሎ እንዳለቀ ቤት ባዶ ሲሆን ተመለከተ። ለዚህ አደጋ ይበልጥ የተጋለጡትም ሰነፎቹ ሳይሆኑ ከልባቸው የሚተጉት መሆናቸውን አስተዋለ። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቁት የበሽታዎች መዝገብ ሁኔታው በሥራ ምክንያት የሚመጣ ክስተት ተብሎ ሰፍሯል። በሽታ ነው አልተባለም፤ ነገር ግን ሦስት ምልክቶች ተዘርዝረውለታል፤ የጉልበት መሟጠጥ፣ ልብ ከሥራው መሸሽና የሥራው ፍሬ ማነስ። መዝገቡ የሚናገረው ስለ መሥሪያ ቤት ሥራ እንጂ ስለ ጓዳ ሥራ አይደለም። ሦስቱን ምልክቶች ከላይ ባነሳናት እህት ላይ ለማየት ግን ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሎሚውን ስናከፋፍል ግን ሃምሳውንም ለአንዷ ሰጥተን «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለች ታጋሽ ናት!» እንላለን።

ለሰጪ የተሰመረ ወሰን

አንዳንድ ሰው ስለ ራስ ዕረፍትና ስለ ራስ ጤና መናገርን ከባሕር ማዶ የመጣ ዘመናዊነት አድርጎ ያየዋል። ታሪካችንን ብንገልጥ ግን ጉዳዩ በመዲና ከሰሓባዎች ቤት እንደ ጀመረ እናገኛለን።

ቡኻሪ እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰልማን አል-ፋሪሲንና አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ.) ወንድማማች አድርገዋቸው ነበር። ሰልማን አንድ ቀን ወንድሙን ሊዘይር ሄደ። ባለቤቱን ኡሙ ደርዳእን ጎስቋላ ልብስ ለብሳ አገኛት፤ ምን እንደ ሆነች ቢጠይቃት አቡ ደርዳእ ከዱንያ ምንም የሚፈልገው ነገር እንደሌለ ነገረችው። አቡ ደርዳእ መጥቶ ምግብ አቀረበለት፤ እርሱ ራሱ ግን ጾመኛ ነበር። ሰልማን አንተ ካልበላህ አልበላም ብሎ አስገደፈው። ሌሊቱን ሊሰግድ ሲነሳም ተኛ አለው። እንደገና ሲነሳም ተኛ አለው። የሌሊቱ መጨረሻ ሲሆን ቀስቅሶት አብረው ሰገዱ። ከዚያም ጌታው፣ ነፍሱና ቤተሰቡ እያንዳንዳቸው በእርሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸው፣ ለእያንዳንዱም ሐቁን ሊሰጥ እንደሚገባው ነገረው። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲደርስ ሰልማን እውነቱን እንደተናገረ አረጋገጡ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ ነፍስ የተጠቀሰችው ባለሐቅ ሆና ነው። ሐቅ ደግሞ የሚከፈል ዕዳ ነው፤ ሰው ዕዳውን በመክፈሉ አያፍርም። ሁለተኛ፣ ወሰኑን ያሰመረው አቡ ደርዳእ ራሱ አልነበረም። ወንድሙ አይቶ አሰመረለት። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለስበታለን።

ዐብዱላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ.) በወጣትነቱ ቀኑን ሁሉ እየጾመ ሌሊቱን ሁሉ ይሰግድ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰውነቱ፣ ዓይኑ፣ ባለቤቱና እንግዳው በእርሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸው ነግረው እንዲቀንስ መከሩት። እርሱ ግን ከዚህ በላይ እችላለሁ እያለ ተከራከረ። ሸምግሎ ጉልበቱ ሲደክም ያንን የተሰጠውን ማቅለያ ምነው በተቀበልኩ ብሎ ተመኝቷል። ዛሬ ሃያ አምስት ዓመት የሆናት እህት «እችላለሁ» ስትል የሃምሳ ዓመቷን ጉልበት አስቀድማ እየበላች መሆኑን ከዚህ ትማር።

ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ደግሞ በጠና ታሞ ሳለ ሀብቱን በሰደቃ ሊናዘዝ ፈለገ። ወራሹ አንዲት ሴት ልጁ ብቻ ነበረች። ሁለት ሦስተኛውን ልስጥ ቢል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከለከሉት። ግማሹን ቢል ከለከሉት። ሲሶውን ሲል ፈቀዱለት፤ ሲሶም ብዙ መሆኑን አከሉለት። ወራሾቹን ከሰው እጅ ጠባቂ አድርጎ ከሚተዋቸው ራሳቸውን የቻሉ አድርጎ ቢተዋቸው እንደሚሻልም አስረዱት። እንግዲህ ሰደቃ የሚያህል መልካም ሥራ ወሰን ከተበጀለት ወጥ መሥራትና እንግዳ ማሳደር ወሰን የማይበጅላቸው በምን ምክንያት ነው?

«ተመለሱ» ሲባል

እስካሁን ያየነው ሰጪው እንዳያልፈው የተሰመረውን ወሰን ነው። ከዚህ የማያንስ ትኩረት የተሰጠው ግን ለጠያቂው ወሰን ነው። እኛም ይበልጥ የዘነጋነው ይህኛውን ነው።

በሱረቱ አን-ኑር 28ኛው አንቀጽ ሰው በር አንኳኩቶ «ተመለሱ» ቢባል መመለስ እንዳለበት፣ ይህም ለእርሱ ይበልጥ የጠራ መሆኑን አላህ (ሱ.ወ.) አስተምሮናል። በሱናውም ፈቃድ የሚጠየቀው ሦስት ጊዜ ነው፤ ካልተፈቀደ መመለስ ነው። የቤቱ ባለቤት ምክንያቱን እንዲዘረዝር አልተጠየቀም። በዚያው ሱራ 58ኛው አንቀጽ ላይ ደግሞ የቤት ልጆች እንኳ ሳይቀሩ ፈቃድ የሚጠይቁባቸው ሦስት ጊዜያት ተለይተዋል። እነርሱም ከሱብሒ ሶላት በፊት፣ በቀትር ልብስ በሚወልቅበት ሰዓትና ከዒሻ ሶላት በኋላ ናቸው። እናት ከልጇም ቢሆን የምታርፍበት ሰዓት በቁርኣን ተከብሮላታል ማለት ነው።

አሁን ይህን ከኑሯችን ጋር አስተያዩት። በር አንኳኩተን «ዛሬ አይመቸኝም» ብንባል ማን ነው ፊቱ ሳይጠቁር የሚመለስ? «ዘመድ ከደጅ መለሰች» ተብሎ ስንት ዓመት ይወራል? ወሬው የሚከብደው በመላሿ ላይ ነው። ያለ ቀጠሮ በዒሻ ሰዓት የመጣውን ግን የሚወቅሰው የለም።

የሱረቱ አል-አሕዛብ 53ኛው አንቀጽ ታሪክ ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘይነብ ቢንት ጀሕሽን (ረ.ዐ.) ሲያገቡ ሰው ጋብዘው ነበር። ከተበላ በኋላ ጥቂት ሰዎች ወግ ይዘው ተቀመጡ። ነቢዩ ወጣ ብለው ተመለሱ፤ ሰዎቹ ግን አልተነሡም። ሂዱ ለማለት ሐያእ ያዛቸው። አንቀጹ የወረደው በዚህ ጊዜ ነው። ሥርዓቱን እንዲማሩ የተደረጉት እንግዶቹ ናቸው፤ በልተው ሲያበቁ ይነሡ፣ ለወግ አይቀመጡ፣ ይህ ነቢዩን ያስቸግራቸዋል፣ እርሳቸውም ያፍሯችኋል፣ አላህ ግን ከእውነት አያፍርም የሚል ነው የትምህርቱ ጭብጥ። አላህ (ሱ.ወ.) የነቢዩን ሐያእ አልነቀፈም። ያንን ሐያእ ሌሎች መጠቀሚያ እንዳያደርጉት ግን ከለከለ።

የዚህች ጽሑፍ ዋና ነጥብ ይኸው ነው። በዘመናችን ለደከሙ ሰዎች የሚሰጠው ምክር ሁሉ «እምቢ ማለትን ተማሩ» የሚል ነው። ምክሩ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን የደከመችዋን ሴት ሌላ ተጨማሪ ሥራ ይሰጣታል፤ ከሥራዋ ሁሉ በላይ ደግሞ መከራከርና መከላከልም ይጠበቅባታል። ቁርኣን ግን የመጀመሪያውን ኃላፊነት በጠያቂው ላይ ጣለ። ሰው እስኪያባርራችሁ አትጠብቁ፣ ድካሙን ራሳችሁ እዩለት ማለት ነው። ሰልማንም ያደረገው ይህንኑ ነበር።

ለእምቢታም ቢሆን ምሳሌ አላጣንም። በሪራ የምትባል ሴት ከባርነት ነፃ ስትወጣ ባሪያ ከነበረው ባሏ ከሙጊስ ጋር የመቆየት ወይም የመለየት ምርጫ ተሰጣት፤ መለየትን መረጠች። ሙጊስ እንባው በጺሙ ላይ እየወረደ በመዲና መንገዶች ይከተላት ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አዝነውለት ብትመለሺስ አሏት። እርሷም ትእዛዝ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አይደለም፣ አማላጅ ነኝ አሏት። እንግዲያው አያስፈልገኝም አለች። በዚህች መልስ ነቢዩ አልተቆጧትም፣ ሰሓባዎችም አልነቀፏትም። በሪራ መጀመሪያ የጠየቀችውን ጥያቄ ልብ በሉ። ግዴታ የሆነውንና ልመና የሆነውን ለየች። ግዴታ ቢሆን ትታዘዝ ነበር። ልመና ስለሆነ ግን መልሱ በእጇ ነበር።

የስልኩ ጥሪ

ይህ ሁሉ ወደ ዛሬ ኑሯችን ሲመጣ እጅግ የሚያሳዝነው በዐረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ጉዳይ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባጸደቀው 189ኛው ስምምነት የቤት ሠራተኛ በየሳምንቱ ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲኖራት ደንግጓል። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ የሳምንት የዕረፍት ቀን እንዲኖርና የቀን ሥራው ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስናለች። በወረቀት የተጻፈው በየቤቱ ብዙ ጊዜ እንደማይፈጸም ሄደው የተመለሱት ይነግሩናል። በዚህ አሠሪዎችን እንወቅሳለን፤ ወቀሳውም ተገቢ ነው።

እኛስ? ሌሊት ሥራዋን ጨርሳ ስልኳን ስትከፍት ምን ይጠብቃታል? ለወንድሟ ባጃጅ መግዣ፣ ለአጎቷ ልጅ ሠርግ፣ ለቤት ክዳን ቆርቆሮ፣ ለጎረቤት ብድር። «ደህና ነሽ ወይ? ተኝተሻል ወይ? ያመመሽ እግር ዳነ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከመጣም የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ደመወዟ ከእጇ ሳይደርስ እዚህ ተከፋፍሎ አልቋል። ዘንድሮ አልችልም ያለች እንደሆነ «ዐረብ አገር ገብታ ዘመዷን ረሳች» ይባልባታል። ይህን ፈርታ ኮንትራቷን ታድሳለች፤ እንደገናም ታድሳለች።

እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ዐረቢያ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ሰዎች ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ከእነርሱ መካከል ባዶ እጃቸውን የመጡ ብዙዎች ነበሩ። ለስንቱ ልከው፣ ስንቱን አስተምረውና ድረው ለራሳቸው አንዲት ክፍል ቤት እንኳ ያላኖሩ እህቶችን ዛሬም በየከተማው እናገኛለን። ቀድሞ «የቤታችን ምሰሶ» ሲሏቸው የነበሩት አሁን «ምነው ሳታስቀምጪ?» ይሏቸዋል።

የሰዕድ (ረ.ዐ.) ሐዲስ ስለ ኑዛዜ የመጣ ነው፤ የደመወዝ ሕግ አናወጣበትም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው። ባለጸጋ ሰው በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ከሲሶ በላይ እንዳይሰጥ ከተመከረ፣ ጎጆ ያልወጣች ልጅ ደመወዟን ሦስቱንም ሲሶ ብትልክ እሰይ የሚያሰኘን ምንድን ነው? በዲናችን ሴት ሠርታ ያገኘችው ገንዘብ የራሷ ነው። የተቸገሩ ወላጆች ሐቅ አላቸው፤ ይህም በሚችሉት ልጆች ሁሉ ላይ እንጂ በአንዷ ላይ ብቻ አይደለም። የጤነኛና የጎልማሳ ወንድም ባጃጅ ግን ከሐቅ አይቆጠርም። ብትሰጠው ምንዳ ታገኛለች፣ ባትሰጠው ግን ወንጀል የለባትም።

ከራስ በላይ ነፋስ?

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ስንል አንድ ሰው ተነሥቶ «እንግዲህ ሁሉም ለራሱ ነው በሉና!» ሊለን ይችላል። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚል ተረትም አለን። ዛሬ ደግሞ ይህንኑ ተረት አሳምረው የሚሸጡ በዝተዋል። ራስን መንከባከብ ማለት ውድ ቅባት መቀባት፣ ውድ ቦታ ሄዶ መዝናናት፣ ደስታዬን ቀነሰብኝ የሚሉትን ዘመድ ሁሉ ቆርጦ መጣል ነው ይሉናል። ከዚህ ጋር አንስማማም። ዝምድናን መቁረጥ ከከባድ ወንጀሎች የሚቆጠር ነው። ደግሞም ቅባቱን መግዛት የምትችለው አስቀድማም ዕረፍት ያላት ናት። እናቷን ስታገላብጥ ለምታድር ሴት የሚያስፈልጋት ቅባት ሳይሆን ተራ የሚገባላት ወንድም ነው።

ወሰን ማበጀትና ማቋረጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እናትን አልጦርም ማለት ማቋረጥ ነው። እናትን አምስት ልጆች ተራ ገብተን እንጡር ማለት ወሰን ማበጀት ነው። ለቅሶ አልደርስም ማለት ማቋረጥ ነው። ለቅሶ እደርሳለሁ፣ ሦስት ቀን ግን ቆሜ አላበስልም ማለት ወሰን ማበጀት ነው። ሰልማንም አቡ ደርዳእን ጾሙንና የሌሊት ሶላቱን ተው አላለውም፤ መጠንና ሰዓት አበጀለት እንጂ።

ሌላም ተገቢ ጥያቄ አለ። ቁርኣን በሱረቱ አል-ሐሽር አንሷሮችን እነርሱ ተቸግረው ሳለ ሌላውን ከራሳቸው ስላስቀደሙ አመስግኗቸው የለምን? አዎን፣ አመስግኗል። ይህ ኢሣር ይባላል፤ ከፍ ያለ ደረጃም ነው። ነገር ግን ኢሣር የሚሆነው ሰው ወድዶና ደስ ብሎት የራሱን ሐቅ ሲሰጥ ነው። በሰው አፍ ተፈርቶ የተሰጠ፣ ተሰጥቶም በልብ የተረገመ ነገር ኢሣር ሊባል አይችልም። የልጆችንና የባልን ሐቅ ቀንሶ ለሩቅ ዘመድ መስጠትም እንዲሁ የሌላ ሰው ገንዘብ መስጠት ነው። ኢሣርን ለራሳችን እንምረጠው፤ በሌላው ሰው ላይ ግን ግዴታ አናድርገው።

«ኢንሻአላህ» የእምቢታ ስም አይደለም

እንግዲህ ያ ሌሊት የሚያስለቅሰው የጥፋተኝነት ስሜት ከየት እንደመጣ እንዴት ይታወቃል? ስሜቱ ሁልጊዜ ሐሰተኛ አይደለም፤ አንዳንዴ በእርግጥ ሐቅ አጉድለን ሕሊናችን ሲወቅሰን ነው። ለመለየት ሦስት ነገሮችን ራሳችንን እንጠይቅ። የተጠየቅሁት ነገር የጠያቂው ሐቅ ነው ወይስ ልመናው? ማንም ባያየኝና ማንም ባያወራብኝ ኖሮ ይህን እሠራው ነበር ወይ? እሺ ብልስ የማን ሐቅ ይጓደላል? ነገሩ ሐቅ ከሆነ ቢደክመንም መፈጸም ወይም የሚፈጽምልን መፈለግ አለብን። ልመና ከሆነ፣ የሚያስጨንቀንም የሰው አፍ ብቻ ከሆነ፣ በላዩም የልጆቻችን ወይም የሰውነታችን ሐቅ የሚጓደል ከሆነ፣ «አልችልም» ማለት ወንጀል አይደለም። ከወንጀል ያልመጣ ጸጸት ደግሞ ተውበት አያስፈልገውም።

እምቢታችንም እውነተኛ ይሁን። ብዙዎቻችን ላለመቀየም ብለን የምንመልሰው በ«ኢንሻአላህ» ነው። ልንሄድ ሳናስብ «ኢንሻአላህ እመጣለሁ» እንላለን። ሰሚውም ለምዶት «ኢንሻአላህ ካለች አትመጣም» ይላል። ይህ አሳፋሪ ነገር ነው። በሱረቱ አል-ከህፍ እንደተማርነው ይህ ቃል የሚባለው ነገ እሠራዋለሁ ብለን በእውነት ላሰብነው ነገር ነው። እኛ ግን በአላህ ስም እምቢታችንን ሸፈንንበት። ሌላው ደግሞ ጤነኛ ሆኖ «አሞኛል»፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ «መንገድ ላይ ነኝ» ይላል። ሰውን ላለማስቀየም ሲል ይዋሻል ማለት ነው። ይሉኝታ ሐያእ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያረጋግጥ የለም፤ ሐያእ ያለው ሰው ለመዋሸት ያፍራልና።

እውነተኛ መልስ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። «ዛሬ አልችልም፤ ሐሙስ መጥቼ እዘይራችኋለሁ» ይበቃል። «ሦስት መቶ ብር አለኝ፤ ከዚያ በላይ የለኝም» ይበቃል። «እማማን ቅዳሜና እሑድ አንተ ውሰዳቸው፤ እኔ አምስቱን ቀን እይዛለሁ» ይበቃል። በለዘበ ድምፅ፣ በጊዜ፣ ሰውየው ሌላ መላ ሳያጣ መናገር ደግሞ ከአደብ ነው። የሚቀየም ካለ ይቀየም። ኋላ ተመርሮ ከመቆራረጥ ዛሬ ጥቂት ቅያሜ ይሻላል።

በመጨረሻም ነገሩን የምንመልሰው ለደከሙት ሳይሆን ለእኛ ለጠያቂዎቹ ነው። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ማታ ከማን ዘንድ ምን ልንጠይቅ አስበናል? ያች የምንጠይቃት ሰው ባለፈው ወር ስንት ጊዜ እሺ አለችን? ወደ ሪያድ ወይም ወደ ኩዌት ስንደውል ከገንዘቡ በፊት እንቅልፏን እንጠይቃት። ወላጆችን የምትጦር እህት ካለችን «ታውቅበታለች» ማለቱን ትተን የሳምንቱን ቀኖች እንከፋፈል። በር አንኳኩተን «አይመቸኝም» ብንባል ፊታችንን ሳናጠቁር፣ ለሌላ ሰው ሳናወራ፣ ይህ ለእናንተ የጠራ ነው የተባለውን አስታውሰን እንመለስ።

አላህ (ሱ.ወ.) ለእያንዳንዱ ባለሐቅ ሐቁን ከሚሰጡት ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።